የእትዬ ገንዘብ

ሽሮ ሜዳ፣ ከሐበሻ ልብስ ገበያው ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ግራና ቀኝ፣ «የእትዬ ገንዘብ» ሲባል ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ወረቀት ላይ ረጅም ስም አለው፤ የሟቿን ስም ከነአባታቸው ይዞ «የማንበብና መጻፍ ትምህርት መታሰቢያ ፈንድ» ይላል። በዚያ ስም የሚጠራው ግን ባንኩ ብቻ ነው። ሰፈሩ «መነጽሬ ተሰብሯል፤ ከእትዬ ገንዘብ ይገዛልኝ» ይላል። «እገሊት ከቀረች ሰነበተች፤ ከእትዬ ገንዘብ የሚከፈላት ልጅ ሄዳ ትጠይቃት» ይላል። እኔ የዚህ ገንዘብ ጸሐፊ ነኝ። እትዬ ይበልጥ ትዝ የሚሉኝ ደረሰኝ ስመዘግብ ነው፤ የጠመኔ፣ የአምፖል፣ የፎቶ ኮፒ ደረሰኝ። ሁሉንም በሕይወት ሳሉ ከገዛ ኪሳቸው ሲገዙት አይቻለሁ።

እትዬ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ቀኑን ሙሉ ፋይል ሲያወጡና ሲመልሱ ውለው 12 ሰዓት ገደማ ከአውቶቡስ ይወርዱና ቤታቸው ሳይገቡ በቀጥታ ወደ ዕድሩ ቤት ይመጣሉ። አባቴ የዕድሩ ገንዘብ ያዥ ስለነበር ቁልፉ የሚቀመጠው እኛ ቤት ነው፤ በር የመክፈቱና ሰሌዳ የመጥረጉ ሥራ የእኔ ሆነ። ቤቱ ጣሪያው ዝቅ ያለ የጭቃ ቤት ነው። ባንዱ ጥግ የተጠቀለለው ድንኳን፣ በሌላው ጥግ ብረት ድስቶቹና ትሪዎቹ ተደራርበዋል፤ መሐል በቀረችው ቦታ አግዳሚዎቹ ይዘረጋሉ። ለለቅሶ የሚወጡት አግዳሚዎች ናቸው። ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት አግዳሚውም ተማሪውም ወደ ለቅሶ ቤት ይሄዳል፤ ትምህርት የሚዘጋው ያን ጊዜ ብቻ ነበር።

ተማሪዎቹ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ፣ ለሸማኔ ባሎቻቸው ድውር የሚያዳውሩ፣ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ። ቅጠል የሚሸከሙት ሸክሙ ከወረደላቸው በኋላም ወገባቸው ቶሎ አይቃናም፤ ክፍል ገብተው ከተቀመጡ በኋላ ነው ቀስ እያሉ ቀና የሚሉት። የሚያንቀላፋም አይጠፋም። እትዬ ያንቀላፋ ሰው አይቀሰቅሱም ነበር። «ተዋት፣ ዛሬ እንቅልፉ ይበልጥባታል» ይሉኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይቀጥላሉ። የቀረ ሰው ግን አያልፉም። ትምህርቱ ሲያበቃ በጨለማውና በጭቃው ከቀረችው ሴት ቤት ድረስ ሄደው በር ያንኳኳሉ። ልጅ ታሞባት ይሁን፣ ፊደሉ ከብዷት አፍራ ይሁን፣ ባል ከልክሏት ይሁን ሳይሰሙ አይመለሱም። ባል ከሆነ ምክንያቱ፣ ቁጭ ብለው ቡናው እስኪፈላ ይጠብቃሉ፤ ስለ ሌላ ሌላው ያወራሉ፤ ስለ ትምህርቱ የሚያነሱት ሁለተኛው ስኒ ሲቀዳ ነው። ባትሪ ይዤ የምከተላቸው እኔ ነበርኩና እነዚያ ጨዋታዎች ዛሬም ድረስ በጆሮዬ አሉ። ሰውን በመለማመጥ ሳይሆን በመቀመጥ ያሸንፉት ነበር።

ይህን ሥራ ከየት እንዳመጡት ሲጠየቁ መልሳቸው «ከዘመቻ» ነው። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ተጀምሮ 60 ሺህ ገደማ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ሲላኩ፣ እትዬ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበሩ፤ የደረሳቸው ጋሞ ጎፋ ነው። ከሁለት ወር በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን፣ የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። እትዬ ደጋግመው የሚያወሩልን ስለዚያ ሰሞን ነበር። ገበሬዎቹ ማታ ማታ እትዬ ከሚያድሩበት ድረስ እየመጡ አዋጁን እንዲያነቡላቸው ይለምኗቸዋል። ትናንት የሰማው ዛሬም ይመጣል። «ሰምቶ አላመነም ብዬ አዝን ነበር፤ በኋላ ነው የገባኝ» ይሉ ነበር እትዬ፤ «ሰምቶማ አምኗል። ግን እኔ ስሄድ ማን ያነብለታል?»

ያ ጥያቄ አልለቀቃቸውም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ «የተማረ ያስተምር፣ ያልተማረ ይማር» ተብሎ ሲታወጅ የቀበሌያችን አስተማሪ ሆነው ተመዘገቡ። ስለዚያ ዘመቻ የሚጻፈው ብዙ ነው። በአምስት ቋንቋዎች ተጀምሮ በኋላ ወደ 15 ከፍ ማለቱ፣ በ1980 እ.ኤ.አ. ከዩኔስኮ ዓለም አቀፍ ሽልማት ማግኘቱ፣ ከዚያም በላይ በየደብሩ፣ በየገበሬ ማኅበሩና በየፋብሪካው ሰሌዳ መሰቀሉ። ያ ትውልድ ብዙ ነገር በደም የከፈለ ትውልድ ነው፤ ፊደል ማስቆጠሩ ግን እስከ ዛሬ ንጹሕ ኩራቱ ነው ብዬ አምናለሁ። እትዬም ይኮሩበት ነበር። ከኩራታቸው ጋር ግን አንድ ቁጭት ነበረባቸው። ምስክር ወረቀት ተቀብለው በዕልልታ የተሸኙ ጎረቤቶቻቸው ጥቂት ዓመታት ቆይተው ፊደሉ ሲጠፋባቸው አዩ። በጭራሽ አልጠፋም፤ ግን እንደተዘጋ ቤት አቧራ ለበሰ። «ወረቀቱን ሰጥተን ሸኘናቸው፤ የሚነበብ ነገር ግን አልሰጠናቸውም» ይላሉ። ሰው ማንበብ ከተማረ በኋላ የሚያነበው ከሌለ የተማረው ይመለሳል። ይህን ከየትኛውም ጥናት በፊት ከእትዬ አፍ ነው የሰማሁት።

1983 ዓ.ም. መጣ፤ መንግሥት ተለወጠ፤ የቀበሌው የማታ ትምህርት ተበተነ፤ የንባብ ክፍሉ ለሌላ ሥራ ዋለ። እትዬ ሰሌዳውን ከቀበሌ ግቢ አንስተው፣ በሰው ትከሻ አሸክመው ወደ ዕድሩ ቤት አመጡት። ያዘዛቸው የለም፤ የሚከፍላቸውም የለም። ከዚያ ወዲህ እስከ ሕመማቸው ድረስ አላቋረጡም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት ብሎ እንደገና ሲጀምር ደስ ብሏቸው መጽሐፎቹን ሄደው ጠይቀው አመጡ፤ የሚጠቅማቸውን ወሰዱ፤ በራሳቸው መንገድ ቀጠሉ።

መንገዳቸው ከ«ሀ ሁ» አይጀምርም ነበር። የተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ የፊደል ገበታ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ለብዙዎቻችን የመጀመሪያ ፊደላችን እሱ ነው። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ዳገት ስትወጣ ስትወርድ የዋለች እናት ፊት 33ቱን በሰባት አባዝቶ 231 ፊደል መደርደር ያስደነግጣል፤ እትዬም ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ የሳሙና ካርቶን ይቆርጡና የእያንዳንዷን ስም በትልቁ ጽፈው ይሰጣሉ። የመጀመሪያው ሳምንት ትምህርት ያ ብቻ ነው፤ የራስን ስም ይዞ መሄድ፣ ይዞ መምጣት። በሁለተኛው ሳምንት የጎረቤትን ስም። ስሞቹ ሲደራረቡ ፊደሉ ይሰበሰባል፤ የቀረው ከዕቃ ስም፣ ከሰፈር ስም፣ ከመድኃኒት ብልቃጥ ይሞላል።

መነጽሩ ግን በአጋጣሚ የተገኘ ነገር ነው። ከተማሪዎቹ አንዲቱ፣ በወቅቱ ዕድሜያቸው ወደ 50 የሚጠጋ እናት፣ ከሁሉ ቀድመው የሚመጡና ከሁሉ ኋላ የቀሩ ነበሩ። ሰሌዳ ላይ ያለውን ያነባሉ፤ ደብተር ላይ ሲሆን ይጠፋባቸዋል። «የኔ ዐይን ፊደል አይቀበልም እትዬ፣ በከንቱ አይድከሙ» አሏቸው አንድ ማታ። እትዬ መልስ አልሰጡም። ቆም ብለው አዩአቸውና «መርፌ ላይ ክር ማን ያስገባልዎታል?» አሉ። «ልጄ ናት እንጂ፣ እኔማ ከተውኩት ቆየሁ።» እትዬ የራሳቸውን መነጽር አውልቀው አፍንጫቸው ላይ አደረጉላቸው። ሴትየዋ ደብተሩን ራቅ አድርገው ይዘውት ነበር፤ ቀስ ብለው አቀረቡት። ከዚያ እንዳቀረቀሩ ቆዩ። ሲያነቡ ድምፃቸው አልወጣም፤ ከንፈራቸው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። መስመሩን ጨርሰው ወደሚቀጥለው አለፉ፤ ማንም አላቋረጣቸውም።

ከ40 ዓመት በኋላ የሰው ዐይን ቅርብ ያለውን ማየት እየተሳነው ይሄዳል፤ ይህ የማይደርስበት የለም። የተማረ ሰው ጋዜጣው ሲደበዝዝበት ያውቀዋል፤ መነጽር ይገዛል። አንብቦ የማያውቅ ሰው ግን የሚደበዝዝበት ገጽ ስለሌለው አያውቀውም። ፊደል ሊቆጥር ሲመጣ ጥፋቱን በጭንቅላቱ ያሳብባል፤ «አርጅቻለሁ፣ አይገባኝም» ብሎ ይቀራል። ስንት ሰው በዚህ ምክንያት ብቻ ከትምህርት እንደቀረ ሳስብ ሆዴ ይባባል። እትዬ ከዚያ ማታ ጀምሮ መነጽር ለቃሚ ሆኑ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ «ሽቶ አልፈልግም፣ የማንበቢያ መነጽር አምጡልኝ» ይላሉ። መሳቢያቸው በመነጽር ተሞላ፤ ቁጥሩን በፕላስተር ላይ ጽፈው እጀታው ላይ ይለጥፉበታል። አዲስ ተማሪ ሲመጣ ከስሙ ቀጥሎ የሚሞከረው መነጽር ሆነ።

ማንበቡ ምን ይፈይዳል ለሚል ሰው አንድ ነገር ብቻ ልንገረው። ዕድራችን እንደ ብዙዎቹ ዕድሮች አባላቱን የሚመዘግበው በአባወራው ስም ነበር፤ ባል ሲሞትም «የእገሌ ባለቤት» ተብሎ ይቀጥላል። አንድ ወር፣ መዋጮ ሲከፈል፣ ከእትዬ ተማሪዎች አንዲት መበለት መዝገቡን ወደ እሳቸው እንዲያዞርላቸው አባቴን ጠየቁት። በጣታቸው መስመሩን ተከትለው አነበቡ። «ባለቤቴ ካረፉ ስንት ዘመናቸው! የምከፍለው እኔ፣ ድስት የምጥደው እኔ፣ ለቅሶ የምደርሰው እኔ። ስሜ የታለ?» አሉ። አባቴ የዕድሩን ዳኛ ጠራ። ዳኛው ሲያቅማሙ ሌሎች መበለቶችም መዝገቡን እንይ አሉ። ነገሩ በጠቅላላ ጉባኤ ታየና መዝገቡ እንደ አዲስ ተጻፈ፤ ጻፊው እኔ ስለነበርኩ አስታውሰዋለሁ። እያንዳንዷ ሴት ስሟ ከነአባቷ ሲጻፍ አጠገቤ ቆማ ፊደሉን ታይ ነበር። እትዬ በዚያ ስብሰባ ላይ አንዲት ቃል አልተናገሩም።

ያረፉት በግንቦት 2012 ነው፤ ለዓመታት የኖረባቸው የስኳር ሕመም ነበር። ጊዜው ኮሮና የገባበት፣ በመጋቢት መጨረሻ በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ የተከለከለበት ነበር። ድንኳን አልተተከለም። አግዳሚዎቹ ከዕድሩ ቤት አልወጡም። ሰፈሩን ሁሉ ያስተማሩ ሰው በጥቂት ሰው ተሸኙ፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አርባቸውም እንደዚያው አለፈ። በእኛ ወግ ሟች የሚታሰበው በማብላት ነው፤ ጎረቤት እንጀራውን ተሸክሞ ይመጣል፣ ካህናቱ ይጸልያሉ፣ ደሃው ይጠግባል። ያን ጊዜ እንጀራው የሚሄድበት ቤት አልነበረም።

ሴቶቹ ግን ባዶ እጃቸውን አልቀሩም። አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው አንድ በአንድ እኛ በር ላይ እየቆሙ ለአርባው ሊያወጡት የነበረውን ገንዘብ ለአባቴ ሰጡ። «ይኼ የእትዬ ነው» ይላሉ፤ ለምን እንደሚሆን የተናገረ የለም፤ የጠየቃቸውም የለም። አባቴ በመዝገቡ አዲስ ገጽ ከፈተ። ከዚያ ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ያሉ የሰፈራችን ልጆች፣ እናቶቻቸው የእትዬ ተማሪዎች የነበሩ፣ ሰምተው በጎፈንድሚ አሰባሰቡና ላኩ። ገንዘቡ ከአርባ አልፎ ሌላ ነገር ሆነ።

ምን ይደረግበት በሚለው ላይ ብዙ ተከራከርን። ከባሕር ማዶ ያሉት ፎቷቸው የተሰቀለበት ቤተ መጻሕፍት ፈለጉ። ሐሳቡ የፍቅር ነው፤ እኔም ቤተ መጻሕፍት እወዳለሁ። በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሲከፈት ያን ሁሉ ንባብ ላይ ያጎነበሰ ወጣት እትዬ ቢያዩት ብዬ ተመኝቻለሁ። ግን የእትዬ ሰዎች ቤተ መጻሕፍት በር ላይ የሚደርሱ ሰዎች አይደሉም። ወደ በሩ የሚወስደውን መንገድ ነው እትዬ ሲሠሩ የኖሩት። የሴቶቹ ጥያቄ አጭር ነበር፤ «ክፍሉ መቼ ይከፈታል?» በመጨረሻ ያ ጥያቄ አሸነፈ።

ሁለተኛው ክርክር ስለ ገንዘቡ አያያዝ ነበር። ዋናው ሳይነካ በወለዱ ይሠራ ያሉ ነበሩ፤ በሌላ አገር የመታሰቢያ ፈንድ የሚቆመው እንደዚያ ነው። እኛ ዘንድ ሒሳቡ እንቢ አለ። የቁጠባ ወለድ ያኔ 7 በመቶ ነበር፤ በ2013 እና በ2014 ኑሮው በየዓመቱ ከ20 በመቶ በላይ ይንር ነበር። ዋናውን ሳንነካ እናቆየው ብንል ሳናወጣው ያልቅ ነበር። ስለዚህ በዕድር ልማዳችን አደረግነው፤ ከሚገባው ለዓመት የሚበቃው ይወጣል፣ በሙት ዓመታቸው መዋጮ ይሞላል። የባንክ ደብተሩ በሦስት ሰው ፊርማ ነው፤ ከሦስቱ ሁለቱ ፊርማቸውን የለመዱት በእትዬ ክፍል ነው።

ክፍሉ ጳጉሜን 3 ቀን ተከፈተ። ያ ቀን በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 8 ነው፤ ዓለም አቀፉ የመሠረተ ትምህርት ቀን። እኛ ሰፈር ግን የሩፋኤል ቀን ነው፤ ልጆቹ ዝናብ እየመታቸው ሲጮኹ በቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ውሃ የአስተማሪዋን ድምፅ ዋጠው። አስተማሪዋ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ ከእኛ የሚቀበሉት የመጓጓዣ ብቻ ነው።

ወጪያችንን ያየ እንግዳ ይገረማል። ከመጽሐፍ ይልቅ መነጽር ይበልጣል። ቀጥሎ የሚመጣው ሁለት ወጣት ሴቶች የሚከፈላቸው ነው፤ አንዷ እናቶች ሲማሩ ሕፃናቱን ትይዛለች፣ ሌላዋ የቀሩትን ቤት ለቤት ትጠይቃለች። ይህን ቤት ለቤት የመጠየቁን ወጪ ለማጽደቅ በጣም ነበር የተሟገትኩት። ለበጎ ሰው መታሰቢያ ስናቆም ሐውልቱን፣ ስሙን፣ ፎቶውን እናስባለን፤ በጨለማ በር ማንኳኳቱን ማን ይተካ? እትዬ በነፃ ያደረጉትን ዛሬ በነፃ የሚያደርግ ሰው እስኪገኝ ብንጠብቅ ክፍሉ በሁለት ወር ባዶ ይሆን ነበር። ከኮሚቴው አንድ ሰው «በጎ ፈቃድ እንዴት በገንዘብ ይሆናል?» አሉ። ልጅቷ ግን በክፍያው ላይ የራሷን ጨምራ ነው የምትሠራው፤ ታምመው የተኙ ተማሪዎቿን እሑድ እሑድ ሄዳ ስትጠይቅ የከፈላት የለም።

አዳዲሶቹ ተማሪዎች ከድሮዎቹ ይለያሉ። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ከተከፈተ ወዲህ ቅጠል የሚሸከም በዝቶ አይታይም፤ ጽዳት፣ ጥበቃ፣ ጉሊት ላይ ናቸው። የብዙዎቹ ልጆች ቤሩት፣ ዱባይ፣ ጂዳ ናቸው። «በስልክ ድምፅ እየተላላኩ መጻፍ ምን ይሠራል?» የሚለው ጥያቄ በየዓመቱ ይነሳል፤ መልስ የሚሰጡትም ራሳቸው ናቸው። ባለፈው ጊዜ አንዲት እናት «ድምፁን አሠሪዋ አጠገቧ ቁጭ ብላ ትሰማለች፤ ጽሑፍ ግን ለእኔ ብቻ ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ በዚያ ክፍል ስለ መጻፍ ጥቅም የሚናገር ሰው አላስፈለገም።

አሁን የያዝነው የእትዬን የቆየ ቁጭት ነው፤ የሚነበብ ነገር። በአማርኛ ለጀማሪ የሚሆን ብዙው ጽሑፍ ለሕፃናት የተጻፈ ነው። ስድስት ልጅ ያሳደጉ እናት ስለ ጥንቸልና ስለ ኳስ አንብቡ ሲባሉ ያፍራሉ፤ ትክክልም ናቸው። ስለዚህ ተማሪዎቹ ይተርካሉ፣ መምህርቷ ይጽፋሉ፣ በትልልቅ ፊደል ታትሞ ፎቶ ኮፒ ይነሳል። የመጀመሪያው ስምንት ገጽ ነው፤ ከእንጦጦ ቅጠል አውርደው ይሸጡ የነበሩ እናት የተረኩት፤ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ፣ ሸክሙ እንዴት እንደሚታሰር፣ ጥበቃ ሲመጣ የት እንደሚደበቁ። ክፍሉ ውስጥ ሲነበብ ክርክር ተነሳ፤ ገመዱ በዚያ በኩል አይታሰርም ያሉ በዙ። አሥራ ሁለት መስመር ተቀየረ፤ ተራኪዋ ደግሞ ሁለቱን መልሰው አስገቡ። ሁለተኛው ስለ ድውር ነው፤ ጋሞ ጨንቻ ተወልደው እዚህ ያረጁ ሸማኔ ከነባለቤታቸው እየተረኩት ነው። ለኅትመት የሚሆነው ወረቀት ተገዝቷል፤ ደረሰኙ ተያይዟል።